ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ሻካራ

ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ በዓመቱ፣ በ1869 (በዚህ ትረካ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው በሴሎን ደሴት በቡና ቅጠል ላይ ያልታወቀ ነጠብጣብ ታየ። ቦታው ማዱልሲማ የሚባል ደጋማ አካባቢ ነው። ቅጠሉን ከላይ ለሚያየው ነገሩ ፈዛዛ ቢጫ ክብ ነው። ገልብጦ ጀርባውን ለሚያየው ግን እዚያው ክብ ላይ እርድ የተነሰነሰበት የሚመስል ብርቱካናማ ዱቄት አለ። በጣት ሲነኩት ይለቃል። ነጠብጣብ የበዛበት ቅጠል ብዙ ሳይቆይ ይረግፋል፤ ቅጠሉ የረገፈበት ዛፍ ደግሞ ፍሬ መሸከም ያቅተዋል።

ሴሎን በዚያን ጊዜ ከዓለም ታላላቅ ቡና ላኪዎች አንዷ ነበረች። እንግሊዞች የደሴቲቱን ተራራማ ደን መንጥረው ኮረብታ ከኮረብታ ሳይለዩ ቡና ብቻ ተክለውበታል። ከደቡብ ህንድ የመጡ የታሚል ሠራተኞች ለቅመውት በ1867 በተከፈተው የካንዲ ባቡር ወደ ኮሎምቦ ይወርዳል፣ ከዚያም በመርከብ ለንደን ይገባል። በጥቂት ዛፎች ላይ የታየ ዱቄት ማንንም አላስደነገጠም።

ቅጠሎቹ ካንዲ አጠገብ ወዳለው የፔራዴኒያ የዕፀዋት ማዕከል ደረሱ። ኃላፊው ጆርጅ ትዌይትስ ለማይክሮስኮፕ እንግዳ አልነበሩም፤ ወደ ሴሎን ከመሄዳቸው በፊት በእንግሊዝ አገር በዓይን የማይታዩ የውኃ ውስጥ ዋቅላሚዎችን ሲያጠኑ ነው ስማቸው የታወቀው። ዱቄቱ ፈንገስ መሆኑ አላጠራጠራቸውም። የትኛው ፈንገስ? ይህን ለመመለስ ሴሎን ውስጥ የሚያወዳድሩበት ናሙናም ሆነ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ ቅጠሎቹን አድርቀው ወደ እንግሊዝ ላኳቸው።

የላኳቸው ለአንድ የገጠር ቄስ ነው። ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ የ66 ዓመት አዛውንት ነበሩ። እሑድ ይሰብካሉ፤ በቀረው ጊዜ ከመላው ዓለም የሚላክላቸውን ሻጋታ፣ እንጉዳይና ዋግ በማይክሮስኮፕ እያዩ ስም ያወጣሉ። ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የአየርላንድ ድንች በበሰበሰ ጊዜ አብዛኛው ምሁር ጥፋቱን በዝናቡና በብርዱ ሲያላክክ፣ ቅጠሉ ላይ የታየው ሻጋታ የበሽታው ውጤት ሳይሆን መነሻው ነው ብለው በ1846 የተከራከሩ እሳቸው ናቸው። ያኔ ብዙ ሰው አላመናቸውም። ነገሩን በሙከራ ያረጋገጠው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ነው፤ እሱም በ1861። የሴሎን ቅጠል በፖስታ በመጣ ጊዜ ቄሱ የሚሰሙ ሰው ሆነው ነበር።

በርክሌይ ከዱቄቱ ቆንጥረው በውኃ ጠብታ ላይ አድርገው በሌንስ ሲያዩ ያገኙት ነገር ለዓይናቸው አዲስ ሆነባቸው። የዋግ ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበት ደቃቅ ቅንጣት) አብዛኛውን ጊዜ ክብ ወይም ሞላላ ነው፤ እሾሁም ዙሪያውን ነው። ይህኛው ግን እንደ ኩላሊት ጎበጥ ያለ ነው። የጎበጠው ጀርባው በጥቃቅን እሾህ ተሞልቷል፤ ሆዱ ምንም የለበትም። አወጣጡም ከሌሎቹ ይለያል። የስንዴ ዋግ የቅጠሉን ቆዳ ቀድዶ ነው የሚወጣው፤ ይሄ ግን ምንም ሳይቀድ በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ በኩል ስፖሮቹን በእቅፍ በእቅፍ አድርጎ ብቅ ይላል። በርክሌይ ከዋግ ይመድቡት ከሻጋታ ግራ ገብቷቸው፣ ከሁለቱ መሃል ያለ ነገር ይመስላል ብለው ጻፉ። ከወዳጃቸው ከክሪስቶፈር ብሩም ጋር ሆነው ያወጡለት ስም ሄሚሌያ ቫስታትሪክስ ነው። የመጀመሪያው ቃል ያንን ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ሻካራ የሆነ ስፖር ይገልጻል፤ ሁለተኛው አጥፊ ማለት ነው። ማስታወቂያው በ«ጋርድነርስ ክሮኒክል» ጋዜጣ ላይ ኅዳር 6 ቀን 1869 ወጣ። ጥቂት ደረቅ ቅጠል ብቻ አይቶ «አጥፊ» ብሎ መሰየም ድፍረት ይጠይቃል። ቄሱ ግን የድንቹን ዘመን አይተዋል።

ዛሬ የቡና ዋግ የሚባለው ይህ ፈንገስ ሴሎን እንዴት ገባ? ቡናም ዋጉም የአፍሪካ ተወላጆች ስለሆኑ ጥርጣሬው ሁሉ ወደዚሁ አህጉር ያመራል። በ1868 ከህንድ ተነስቶ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ስፖሩን ይዞት ሄዶ ይሆናል የሚሉም አሉ። የዓመቶቹ መገጣጠም ያጓጓል። ነገር ግን በናፒየር የተመራው ይህ ጦር ከዙላ በሰንዓፌና በአዲግራት አድርጎ ወደ መቅደላ የወጣበት መንገድ ከከፋና ከኢሉባቦር የቡና ጫካ በጣም የራቀ ነውና፣ መላምቱን ከመላምትነት አሳልፎ መውሰድ ይከብዳል።

ስሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ተገኘ። ፈንገሱን ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ ዋጉ ያልደረሰበት የሴሎን ቡና ጠፋ። የዓለም የቡና ዋጋ ጥሩ ስለነበር ባለርስቶቹ የጎደለባቸውን ምርት አዲስ ደን እየመነጠሩ ለመተካት ሞከሩ፤ በ1878 በቡና የተሸፈነው መሬት 275 ሺህ ኤከር ገደማ ደረሰ። ለዋጉ አዲስ ግጦሽ አዘጋጁለት ማለት ነው። በየክበቡና በየጋዜጣው የሚባለው ብዙ ነበር፤ አንዱ መሬቱ ደክሟል ይላል፣ ሌላው ማዳበሪያው አንሷል፣ ሌላው ዝናቡ በዝቷል። ፈንገሱ በሥር ገብቶ ከዛፉ ውኃ ጋር ወደ ላይ ይወጣል የሚልም ነበር። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያክመው ግን እያንዳንዱ የየራሱን በሽታ ነው።

በ1879 በፔራዴኒያ ረዳት ኃላፊ የነበረው ዳንኤል ሞሪስ በቅርንጫፍና በቅጠል ላይ የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮችን አየ። የዋጉ አንድ የዕድገት ደረጃ መሰሉት። ክሮቹ ውጭ ላይ ከሆኑ በኖራና በድኝ ዱቄት መግደል ይቻላል፤ ስለዚህ ባለርስቶች ዱቄቱን እንዲነሰንሱ መከረ። ተስፋ የሚሰጥ ሐሳብ ስለነበር ብዙዎች ተቀበሉት። ያልተመለሰው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ ክሮቹ በእርግጥ የሄሚሌያ ናቸው?

ይህን እንዲያጣራ በ1880 መጀመሪያ ላይ ሃሪ ማርሻል ዋርድ ሴሎን ገባ። ዕድሜው 26 ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ካምብሪጅ ተምሮ፣ ጀርመን አገር ሄዶ አዲሱን የዕፀዋት ምርምር ዘዴ የቀሰመ ወጣት ነው። አሠራሩ ከቄሱም ከሞሪስም የተለየ ነበር። እነሱ የተሰበሰበውን ናሙና ተመልክተው ይፈርዱ ነበር፤ ዋርድ ፈንገሱን ራሱ ዘርቶ ማሳደግና ከስፖር እስከ ስፖር አንድም ደረጃ ሳያመልጠው መከተል ፈለገ።

ጤናማ ቅጠል መርጦ ምልክት አደረገበት። በአንዱ ቅጠል ጀርባ ላይ ስፖር ያለበት የውኃ ጠብታ አኖረ፤ ሌላውን እንዲሁ ተወው። ስፖሩ በእርጥበቱ ውስጥ ቀጭን ቡቃያ ሲያወጣ፣ ቡቃያው በቅጠሉ ገጽ ላይ እየተሳበ መተንፈሻ ቀዳዳ ሲያገኝና ሲገባ በማይክሮስኮፕ አየው። ከገባ በኋላ ክሮቹ በቅጠሉ ሥጋ መሃል እየተሠራጩ ምግብ ሲመጥጡ፣ ሁለት ሳምንት አልፎ ስፖር ያረፈበት ቦታ ብቻ ቢጫ ሲሆን፣ ከዚያም በዚያው ቀዳዳ በኩል ብርቱካናማው እቅፍ ብቅ ሲል ቀን በቀን እየሳለ መዘገበው። ያልተነካው ቅጠል አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ከዚህ በኋላ መሬቱ ደክሞ ነው የሚለውን ክርክር ይዞ መቀጠል አስቸጋሪ ሆነ።

የሞሪስ ክሮችም መልስ አገኙ። በቅጠሉ ገጽ ላይ የሚኖሩ ሌሎች ፈንገሶች ነበሩ እንጂ ከሄሚሌያ ጋር ዝምድና አልነበራቸውም። ያ ሁሉ ኖራና ድኝ የተነሰነሰው በንጹሐን ላይ ነው።

ከዋርድ ሥራዎች ሁሉ ቀላሉና ብልሁ የመስተዋቱ ሙከራ ነው። የማይክሮስኮፕ መስተዋቶችን ግሊሰሪን ቀብቶ በቡና እርሻዎች ዳር ነፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ አቆማቸው። በኋላ አንስቶ ሲያያቸው ያ ጀርባው ሻካራ፣ ሆዱ ለስላሳ ስፖር ተጣብቆባቸዋል። ከሌላ ፈንገስ ጋር ሊምታታ አይችልም፤ በርክሌይ ለስም ማውጫ የተጠቀሙበት ቅርጽ አሁን የነፋሱን መንገድ ማንበቢያ ሆነ። ዋጉ በዝናብ አምጪው የሞንሱን ነፋስ እየተጫነ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይሄዳል፤ ባለርስቶቹ ደግሞ መሃል ላይ የሚያግደው አንድ ረድፍ ዛፍ እንኳ አላስቀሩም።

ዋርድ የጻፈው ዘገባ ለሳይንስ ትልቅ ነበር፤ ለባለርስቶቹ ግን መርዶ ነው። ፈንገሱ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ቅጠሉን ሳይገድሉ እሱን መግደል አይቻልም፤ መድኃኒት የሚኖር ከሆነ ስፖሩ ከመብቀሉ በፊት ቅጠሉ ላይ ጠብቆ የሚገኝ መሆን አለበት አላቸው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ያኔ አልነበረም። ባለርስቶቹ ለገንዘባቸው ያገኙት የሥዕል ስብስብና መጥፎ ዜና ብቻ መስሏቸው አጉረመረሙ። ወጣቱ በ1882 ወደ አገሩ ተመልሶ የጥናቱን ውጤት አሳተመ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1885፣ ፈረንሳዊው ፒየር ሚላርዴ የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ የወይን ቅጠልን ከፈንገስ እንደሚጠብቅ አስታወቀ። ዛሬ «ቦርዶ» የሚባለው ርጭት ነው፤ ዋርድ ይኖር ይሆናል ያለው ዓይነት። ለሴሎን ግን ዘግይቷል። በ1870 ወደ 45 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ቡና ትልክ የነበረች ደሴት በ1889 የላከችው 2.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለባለርስቶቹ ሲያበድር የኖረው ኦሪየንታል ባንክ በ1884 ተዘጋ። ቡናው ተነቅሎ በቦታው ሻይ ገባ፤ የሴሎን ሻይ በዓለም የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ዋጉ በዚህ መሃል ባሕር እየተሻገረ ነበር። በ1876 ሱማትራ ታየ፤ ጃቫም ብዙ አልቆየችም። በ1889 የፊሊፒንስን የባታንጋስ ቡና መታ። የጃቫ ገበሬዎች ከአረቢካ ወደ ሮቡስታ እንዲዞሩ ያስገደዳቸው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

የአሜሪካ አህጉር ያኔ ገና አልተነካም፤ የቅጠል ነጠብጣብ ግን እዚያም ነበር። ስለዚህ ቅጠል ላይ የታየው ሁሉ «የሴሎኑ በሽታ መጣ» ያሰኝ ጀመር። መለየቱ የግድ ሆነ። በርክሌይ ከሞርድካይ ኩክ ጋር ሆነው በ1881 ሰርኮስፖራ ኮፊኮላ ያሉት ፈንገስ የሚያወጣው ነጠብጣብ ቡናማ ነው፤ መሃሉ ወደ አመድማ ነጭ ይሄዳል፣ ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት ይከበዋል። ዓይን ያለው ይመስላል፤ ጣት ላይ የሚለቅ ብርቱካናማ ዱቄት ግን የለውም። የላቲን አሜሪካ ገበሬዎች «የዶሮ ዓይን» የሚሉት ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ነጠብጣቡ ክብ ሆኖ ይደርቅና መሃሉ ወድቆ ቅጠሉን ይበሳዋል፤ በላዩ ላይ ከመርፌ አናት ያነሱ ቢጫ እንክብሎች ይቆማሉ። ኩክ ይህን ስቲልበም ፍላቪደም አለው። በኋላ በተደረገው ጥናት የአንድ ትንሽ እንጉዳይ ሌላ መልክ ሆኖ ስለተገኘ ዛሬ ማይሴና ሲትሪከለር ነው። ክሮቹ ጨለማ ውስጥ ያበራሉ። ሦስቱን ነጠብጣቦች ለመለየት ለሰለጠነ ዓይን የቅጠሉ ጀርባ ይበቃዋል፤ ለቀረው ሰው ማይክሮስኮፕ አለ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ጥያቄው «ፈንገሱ የትኛው ነው?» ብቻ ነበርና።

በህንድ አገር ጥያቄው ተቀየረ። በ1911 በማይሶር ኬንት የሚባል ባለርስት በማሳው ውስጥ ዋግ ያልነካውን አንድ ዛፍ አግኝቶ ዘሩን አባዛ። «ኬንት ቡና» ለጥቂት ዓመታት የባለርስቶች ደስታ ሆነ። ከዚያ ዋግ ያዘው። ስፖሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያው ነው፤ ያው ኩላሊት፣ ያው እሾህ፣ ያው ለስላሳ ሆድ። በባሌሆኑር የቡና ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ዊልሰን ሜይን ምስጢሩን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፈታው። ከተለያየ ቦታ የሰበሰበውን ስፖር በተለያየ ዓይነት የቡና ችግኝ ላይ አደረገ። አንዱ ስፖር ኬንትን ይይዛል፣ ሌላው አይዝም። መልካቸው አንድ የሆነ፣ ጠባያቸው ግን የተለያየ ዘሮች መሆናቸው ነው። ከእንግዲህ ፈንገሱን የሚለየው ሌንስ ሳይሆን ቡናው ራሱ ሆነ።

በዚያው ዘመን በቲሞር ደሴት ከአረቢካና ከሮቡስታ በተፈጥሮ ተዳቅሎ የተገኘ፣ ዋግ የማይነካው ዛፍ በ1927 ትኩረት ሳበ። «የቲሞር ዲቃላ» የሚባለው ይህ ዛፍ በኋላ የተገኙት የብዙዎቹ ዋግ ተቋቋሚ ዝርያዎች አያት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዋጉ መኖሩ የተመዘገበው በ1934 ነው። መመዝገቡ እንጂ መምጣቱ አይደለም፤ ከቡናው ጋር አብሮ የኖረ ነው ተብሎ ይታመናል። በ1950ዎቹ የአገሪቱን ቡና ዞረው ያጠኑት ፒየር ሲልቫን ዋጉን በብዙ ቦታ አገኙት፤ ሴሎንን ያጠፋው ዓይነት እልቂት ግን አላዩም። በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ጥላ ሥር የሚበቅለው የጫካ ቡና እንደ ሴሎን የአንድ ዓይነት ዛፍ ሠራዊት አይደለም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች በዘር ይለያያሉና አንዱን የያዘ ስፖር ለሌላው ላይሆን ይችላል። በኋላ በጅማ ዞን በጎማና በጌራ ወረዳዎች የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ተዋናይ አሳይተዋል፤ በብርቱካናማው ዱቄት ላይ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ሌካኒሲሊየም የሚባል፣ ዋጉን ራሱን የሚበላ ፈንገስ ነው። ያገራችን ዋግ ዋግ አለበት።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ አሜሪካኖች ስጋት ገባቸው፤ ዋጉ አንድ ቀን ወደ ላቲን አሜሪካ መሻገሩ አይቀርም። በ1952 ፍሬደሪክ ዌልማንና ዊልያም ካውጊል የአፍሪካንና የእስያን ቡና አገሮች ዞረው ዋግ የሚቋቋሙ ዓይነቶችን ፈለጉ። ስፖሮቹን ሰብስበው የት ያጠኗቸዋል? ቡና አብቃይ አገር ውስጥ ከሆነ ምርምሩ ራሱ ወረርሽኝ ሊያስነሳ ይችላል። መልሱ ፖርቱጋል ሆነች። ብራንኪንዮ ዶሊቬይራ የሚባል ተመራማሪ ሥራውን ቀድሞ ጀምሮት ነበር፤ አገሩ ቡና አታበቅልም፤ ያኔ ቅኝ ግዛቶቿ የነበሩት አንጎላና ቲሞር ግን ያበቅሉ ነበር። በ1955 በሊዝበን አቅራቢያ በኦኤይራስ የቡና ዋግ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ።

የማዕከሉ አሠራር የሜይንን ሙከራ ሥርዓት ያስያዘ ነው። ከየአገሩ የተላከ ዋግ ያለበት ቅጠል በፖስታ ይደርሳል። ዱቄቱ ተፍቆ ተመርጠው በተቀመጡ ከ20 በላይ የቡና ዓይነቶች ቅጠል ጀርባ ላይ ይደረጋል። ውኃ ይረጭባቸውና በጨለማ ይሸፈናሉ፤ ስፖሩ ብርሃን አይወድም፣ ሳይረጥብም አይበቅልም። ከሳምንታት በኋላ የትኞቹ ችግኞች ብርቱካናማ ሆኑ፣ የትኞቹ ንጹሕ ቀሩ ተብሎ ይቆጠራል፤ የዘሩ ማንነት የሚታወቀው ከዚህ ዝርዝር ነው። እስከ ዛሬ ከ50 በላይ ዘሮች በዚህ መንገድ ተለይተዋል።

መለያ ሆነው ከተመረጡት ቡናዎች ስም መካከል ኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚያውቃቸው አሉ። «ዲላና አልጌ» አንዱ ነው፤ «ካፋ» እና «አጋሮ» የሚባሉም አሉ፤ «ጌሻ»ም አለ። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወሰዱ ዘሮች የየራሳቸውን የመከላከያ ዘረ መል ይዘዋል፤ ከሆንዱራስ ወይም ከህንድ የመጣ ስፖር ማንነቱን የሚናዘዘው እነዚህ ቅጠሎች ፊት ነው። ስማቸው በሠንጠረዥ ላይ ሰፍሮ ሲገኝ፣ ከየት ቀበሌ እንደተለቀሙ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም።

ስጋቱ በጥር 1970 እውን ሆነ። በብራዚል በባሂያ ክፍለ ግዛት ደቡብ፣ የካካዎ በሽታዎችን ያጠና የነበረው አርናልዶ ሜዴይሮስ ካካዎ መሃል በቆመ የቡና ዛፍ ላይ ብርቱካናማውን ዱቄት አየ። የአሜሪካን አህጉር ሙሉ የቡና ኢኮኖሚ የሚያሸብር ዜና ነበር። ዛፍ በመንቀልና አካባቢውን በመከለል ሊያግዱት ሞከሩ፤ ነፋሱ አልፏቸው ሄደ። በአውሮፕላን በተደረገ ቅኝት ስፖሩ ከማሳው በላይ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ተገኝቷል። እንዴት ተሻገረ የሚለው ደግሞ የራሱን ክርክር አስነሳ። በ1971 ሦስት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በ1966 ዋግ ከታየባት ከአንጎላ የተነሳ ስፖር በነፋስ ብቻ አትላንቲክን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊሻገር እንደሚችል አሰሉ። ሌሎች በሰው ሻንጣ ወይም በችግኝ ነው የመጣው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ በ1976 ኒካራጓ፣ በ1983 ኮሎምቢያ ደርሷል።

በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ትኩረት ሌላ ፈንገስ ላይ ነበር። በአገሪቱ በ1971 የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ (ሲቢዲ) ቅጠሉን ትቶ ለጋ ፍሬውን ያጠቁራል። በ1967 ሥራ የጀመረው የጅማ ምርምር ማዕከል ከጫካና ከገበሬ ማሳ የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬው አድርሷል፤ ከሴሎን ጋር ሲወዳደር የሚያስቀና ፍጥነት ነው። ዋጉ በዚህ ጥላ ሥር ለብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ቆየ።

መካከለኛው አሜሪካ ዋጉን ለምዶት ለ30 ዓመት ያህል አብሮት ኖረ፤ በ2012 ግን ተነሳበት። ጓቲማላ በየካቲት 2013 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ገበሬው የቲሞር ዲቃላ ደም ወዳለባቸው ዝርያዎች ዞረ። ሆንዱራስ ውስጥ «ሌምፒራ» የሚባለው ዝርያ አይበገርም ተብሎ በሰፊው ተተከለ፤ በ2017 እሱም በዋግ መያዙ ተሰማ። የኬንት ታሪክ ተደገመ፤ ስፖሩ በመልክ ያው፣ በጠባይ አዲስ።

መልክ ሲያታልል፣ ችግኝ ላይ መሞከርም ሳምንታት ሲፈጅ፣ ተመራማሪዎች ወደ ዲኤንኤ ዞሩ። ከ1990 ጀምሮ ፈንገስን ከአጭር የዘረ መል ቁራጭ የመለየት ዘዴ በየላቦራቶሪው ተለምዶ ነበር፤ ሄሚሌያ ግን በቀላሉ እጁን አልሰጠም። ላቦራቶሪ ውስጥ በምግብ ሳህን ላይ አይበቅልም፤ ሕያው የቡና ቅጠል ይፈልጋል። የዘረ መሉ ጠቅላላ ርዝመት ከ700 ሚሊዮን ፊደል በላይ ነው፤ እስከ ዛሬ ከተለኩት ፈንገሶች ከግዙፎቹ አንዱ። በ2018 የፖርቱጋል ተመራማሪዎች ከብዙ አገር የተሰበሰበውን ዋግ በዲኤንኤ ሲያነጻጽሩ ናሙናዎቹ በሦስት የተለያዩ ቡድኖች ተከፈሉ። አንዱ አረቢካንና የቲሞር ዲቃላን የሚያጠቃው ነው፤ ሁለቱ በሌሎች የቡና ዝርያዎች ላይ የሚኖሩ ናቸው።  በርክሌይና ብሩም በአንድ ስም የጠሩት ፈንገስ ከአንድ በላይ ዝርያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ስሙን የሚለውጥ ግን እስካሁን አልመጣም።

አንድ የዋርድ ጥያቄም አብሮ ቀርቷል። ከብርቱካናማው ስፖር ሌላ ፈንገሱ አልፎ አልፎ ሁለተኛ ዓይነት ስፖር ያወጣል፤ ዋርድ የዚህን ልጆች ቡና ላይ አድርጎ አልያዙለትም። የስንዴ ዋግ ተራውን ባርበሪ በሚባል ቁጥቋጦ ላይ እንደሚያሳልፍ ደ ባሪ በ1865 አሳይቶ ስለነበር፣ የቡናውም ሁለተኛ መኖሪያ ተክል የሆነ ቦታ መኖር አለበት ተባለ። ተክሉ አልተገኘም። የሚፈለግበት ስፍራ ካለ ቡናና ዋግ አብረው ያደጉበት የአፍሪካ ጫካ ነው።

በጥቅምት 2020 ከታላላቆቹ ቡና አብቃይ ስፍራዎች መካከል ንጹሕ ሆና የቆየችው ሃዋይም ተነካች። ማዊ ደሴት ላይ የተጠረጠሩ ቅጠሎች ተለቅመው ላቦራቶሪ ገቡ። ስፖሩ ታየ፣ ዲኤንኤው ተነበበ፣ ሄሚሌያ ቫስታትሪክስ መሆኑ ተረጋገጠ። በቀጣዩ ወር ዋጉ የኮና ቡና በሚበቅልበት በትልቁ ደሴት ላይ ተገኘ፤ የቡና ችግኝም ከደሴት ወደ ደሴት እንዳይዘዋወር ገደብ ተጣለ።